«አያመኝም እኮ»

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ነርሶችና አዋላጆች ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። ልጇን ልታስከትብ የመጣች እናት፣ ልትወጣ በሩን ይዛ «እዚህ ጡቴ ላይ አንድ ነገር አለ፤ አያመኝም እኮ» ትላለች። አለማመሙ ለእሷ መጽናኛ ነው። እናንተን ግን አያዘናጋችሁ፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

መልሳችሁ አስቀምጧት። መጀመሪያ እጆቿን ወደ ላይ አስነስታችሁ እዩ፦ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል? ከዚያ አስተኝታችሁ፣ በጥፍራችሁ በኩል ሳይሆን በሦስት ጣቶቻችሁ ለስላሳ ክፍል፣ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሳችሁ ዳስሱ። ብብቷንም አትርሱ።

«በእጅ ዳሰሳ ምን ይገኛል?» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ሙምባይ ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች በተካተቱበት ጥናት፣ ግማሽ ያህሉን ሐኪም ያልሆኑ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ይዳስሷቸው ነበር። በሽታው ቀደም ብሎ ተገኘ፤ 50 ዓመት በሞላቸው ላይ ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ሻንግሃይ ላይ ደግሞ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ራሳቸውን እንዲዳስሱ ተምረው፣ ሞት አልቀነሰም። ስለዚህ «በየወሩ ራስሽን ዳስሺ» ብሎ መሸኘት ብቻውን ሥራ አይባልም።

ካርዱ ላይ «የጡት እብጠት» ብላችሁ አትለፉ። «ግራ ጡት፣ 2 ቁጥር ላይ፣ 3 ሳንቲሜትር፣ ጠንካራ፣ ብብት ላይ የለም» ብላችሁ ጻፉ። ጡቱን እንደ ሰዓት ፊት ቁጠሩት፤ ቁጥሩ ሰዓቱ ላይ የታተመው ነው እንጂ እኛ በአፋችን የምንጠራው ሰዓት አይደለም። 2ን «8 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ተለማማጅ ገጥሞኛል፤ ሪፈሩን የተቀበለው ሐኪም ተቃራኒውን ጥግ ሲፈልግ ዋለ።

የምታጠባ ከሆነች «ወተት ነው» ማለት ይቀናናል። የኢንፌክሽን ምልክት ካለ መድኃኒት ስጧት፣ ግን በሁለት ሳምንት ቅጠሯት፤ ካልጠፋ ለአልትራሳውንድና ለናሙና ሪፈር ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው ዕቅድ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይጠይቃል፤ ቆጠራው የሚጀምረው እናንተ ዘንድ ከመጣችበት ቀን ነው። ጸበል እሄዳለሁ ካለች አትሟገቷት፤ «ናሙናውን ሰጥተሽ ሂጂ» በሏት። ስልክ ከሌላት የጎረቤቷን ቁጥር ተቀበሉ፤ በቀጠሮዋ ቀን ከቀረች ደውሉ።