ጥንድ ተጫዋች ጓደኛው ሲለየው



ሁለት እንጨት ተክለን፣ ገመድ ወጥረን ባድሜንተን የሞከርን ዕለት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የገዳሪፍ ነፋስ ኳሷን ከሜዳው አውጥቶ ማሽላው ውስጥ ጣላት፤ ጨዋታው ቀርቶ ፍለጋ ሆነ። ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም። ኳሷ በቡሽ ላይ ዐሥራ ስድስት ላባ ተሰክቶባት የምትሠራ ናት። ክብደቷም 5 ግራም ያህል ብቻ በመሆኑ ትንሽ ሽውታ ይበቃታል። ትልልቆቹ ውድድሮች አዳራሽ ውስጥ የሚደረጉት ስለዚህ ነው። እኛ አዳራሽ ስለሌለን ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ መጫወት ይኖርብናል። አገራችንም ለዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም፤ የ2012 የአፍሪካ ሻምፒዮና የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባድሜንተን በነጠላም በጥንድም ይጫወቱታል። ዛሬ የምንማረው ስለ ጥንዱ ነው። የሜዳው ርዝመት 13.40 ሜትር ነው። ስፋቱ ለነጠላ 5.18፣ ለጥንድ 6.10 ሜትር ነው። ልዩነቱን ራሳችሁ ቀንሳችሁ አስሉት፤ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር የሚጨመረው ስፋት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም! ስለዚህ ጥንዶች ቦታ መከፋፈል ግዴታቸው ነው። ሲያጠቁ አንዱ መረቡ አጠገብ ይቆማል፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ኳሷን ወደ ታች ይመታል። ሲከላከሉ ደግሞ ጎን ለጎን ይሆናሉ። ይህን የቦታ ለውጥ ኳሷ መረቡን እስክትሻገር ባለው ጊዜ፣ ሳይነጋገሩ ማድረግ አለባቸው። ጓደኛህ ወዴት እንደሚሄድ ዞረህ ሳታይ ማወቅ ይኖርብሃል። ይህም ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ ያ የለመድከው ጓደኛ ቢሄድስ? ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በአንድ ወንበር አብሯችሁ የተማረው ልጅ ስሙ በዝርዝር ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ አይታችኋል። ጥያቄው ለእናንተ አዲስ አይደለም።

ሄንድራ ሴቲያዋን በ1984 በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ተወለደ። ጨዋታ መተዳደሪያው የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ታዋቂ ጓደኛው ማርኪስ ኪዶ ሲሆን በዚያው ዓመት የተወለደ እኩያው ነበር። ኪዶ ከኋላ ሆኖ በኃይል ይመታል፤ ሄንድራ መረቡ አጠገብ በእርጋታ ይጠብቃል። በ2007 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ቻይናውያኑን ካይ ዩንንና ፉ ሃይፌንግን በገዛ አገራቸው ገጠሙ። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ 12 ተሸነፉ፤ ቀጣዮቹን 21 ለ 11 እና 21 ለ 16 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተለያዩ። ሄንድራ በ2012 ከሞሐመድ አህሳን ጋር ተጣመረ። የሚገርመው፣ አህሳንም ቀድሞ ይጫወት የነበረው ከኪዶ ታናሽ ወንድም ከቦና ሴፕታኖ ጋር ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ወንድማማቾችን ትተው መጡ ማለት ነው። የሄንድራ እጅ ያው ነው፤ ከኋላው የሚሰማው እግር ግን የሌላ ሰው ነው። ሆኖም በ2013 እና በ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ።

በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ግን ከምድባቸው እንኳ ማለፍ አቃታቸው፤ በዓመቱ መጨረሻም ተለያዩ። ሄንድራ ቀድሞ ከመረቡ ማዶ ይገጥመው ከነበረው ማሌዥያዊ ታን ቡን ሄዮንግ ጋር ሞከረ። አህሳን በበኩሉ በ2017 ከሌላ ወጣት ጋር በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ። እኔ ይህን ክፍል ከወርቁ አብልጬ እወደዋለሁ። ተለያይተው ሳለ ማንም ማንን ሲጠብቅ አልተቀመጠም። በ2018 እንደገና ሲገናኙ ሁለቱም ከሌላ ሰው የተማሩትን ይዘው መጡ።

በ2019 ባዝል ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ጃፓናውያኑን ሆኪንና ኮባያሺን 25 ለ 23፣ 9 ለ 21፣ 21 ለ 15 አሸነፉ። ቀኑ ኦገስት 25 ነበር፤ ሄንድራ በዚያች ዕለት 35 ዓመት ሞላው። ኪዶ ግን በ2021፣ በ36 ዓመቱ፣ ባድሜንተን እየተጫወተ ሳለ ወድቆ ሞተ። ሄንድራና አህሳን በ2025 ጃንዋሪ በጃካርታ አብረው ተሰናበቱ። ያን ጊዜ ሄንድራ 40 ዓመቱ ነበር።

መልመጃ፦ አራት አራት ሆናችሁ በማለዳ ተጫወቱ። አንዱ ወገን 11 ነጥብ በደረሰ ቁጥር ጓደኛ ተለዋወጡ፤ ሦስት ጊዜ እንዲሁ አድርጉ። ከዚያም ከመጀመሪያው ጓደኛችሁ ጋር ይሠራላችሁ የነበረ፣ ከአዲሱ ጋር ግን ያልሠራ አንድ ልማድ በደብተራችሁ ጻፉ። ኳስ የጠፋበት ቡድን ማሽላው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለማሳውን ያስፈቅድ።