ያሳከከው ሁሉ ኤች አይ ቪ የለበትም
(ካርዳችን ላይ ምን ይጻፋል?)

እኔ የምሠራው በጤና ተቋም የሕክምና መረጃ ክፍል ነው። ሐኪሙ ካርድ ላይ የጻፈውን የበሽታ ስም ወደ መለያ ኮድ እለውጣለሁ። ዛሬ ስለ ማሳከክ ላጫውታችሁ። ለምን መሰላችሁ? ጓደኛ ቆዳው ላይ ሽፍታ ሲወጣበት «እሱማ አለበት» የሚሉ ስላሉ ነው። ካርዱ ግን እንዲህ በግምት አይናገርም።

ኮድ ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለበሽታዎች በፊደልና በቁጥር መለያ ሰጥቷል። ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 11ኛው እትም ሥራ ላይ ውሏል። ምሳሌዬን የምወስደው ለረጅም ዓመታት ከተሠራበት ከ10ኛው እትም ነው፦

• እከክ - ቢ 86
• ጭርት - ቢ 35
• ምክንያቱ ያልተለየ ማሳከክ - ኤል 29.9
• የኤች አይ ቪ በሽታ - ከቢ 20 እስከ ቢ 24

ልብ በሉ! ማሳከክ ምልክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ሐኪሙ ምክንያቱን ገና ካልለየ «ማሳከክ» ብሎ ይጽፋል፤ እኔም ኤል 29.9 እሰጣለሁ። እርግጥ ቫይረሱ በደማቸው በሚገኝ አንዳንድ ወገኖች ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል። ይሁን እንጂ የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ለሐኪም ምን እንንገር?

1. መቼ ጀመረ?
2. የት የት ያሳክካል? በጣቶች መሃል? ወገብ ላይ?
3. ሌሊት ይብሳል?
4. ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ?
5. የተቀባነው ወይም የወሰድነው መድኃኒት አለ?

ለ3ኛውና ለ4ኛው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ ሐኪሙ እከክን ይጠረጥራል። እከክ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ላይ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል። «ያሳክከኛል» ብቻ ብለን ዝም ካልን ግን ይህ ሁሉ ካርዱ ላይ አይሰፍርም።

ኮዱ ሌላም ጥቅም አለው። ከአንድ ሰፈር ብዙ ቢ 86 ከተመዘገበ ወረርሽኝ መኖሩ ቶሎ ይታወቃል፤ መድኃኒትም በጊዜ ይቀርባል።

በሉ እንግዲህ ወጣቶች፣ የጓደኛችሁን ቆዳ አይታችሁ ፍርድ አትስጡ። ይልቅስ «ና፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» በሉት። የካርዱ ምስጢር የባለቤቱ ነው። ኤች አይ ቪንም በግምት ሳይሆን በምርመራ እንወቅ!