የአቴንስ የምድር ውስጥ ባቡርና የጥንቱ ከተማ

አቴንስ በ1834 እ.ኤ.አ. የዘመናዊቷ ግሪክ ዋና ከተማ ስትሆን፣ አዲሱ ከተማ የተገነባው በጥንቱ ፍርስራሽ ላይ ነው። ዘመናዊ ግንባታ ዘወትር የቅርስ ጠላት ተደርጎ ይወሰዳል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመሩት ሁለቱ የባቡር መስመሮች ግን ይህ አመለካከት ሙሉ እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

ዋሻዎቹ ቅርስ ካለበት የአፈር ንብርብር በታች እንዲያልፉ ተደርጓል። ጣቢያዎቹ ግን ከላይ ወደ ታች መቆፈር ስለነበረባቸው የአርኪዮሎጂ ጥናት ከግንባታው ጋር ተያይዞ ተካሄደ። ዛሬ በሲንታግማ ጣቢያ መንገደኛው የአፈሩን ንብርብር በመስታወት ውስጥ ያያል፤ በሞናስቲራኪ ደግሞ በጥንት ዘመን በግንብ የተሸፈነው የኤሪዳኖስ ወንዝ መውረጃ ይታያል። በኬራሜይኮስ አቅራቢያ የተገኘውን የጅምላ መቃብር ተመራማሪዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ከተነሣው ወረርሽኝ ጋር አያይዘውታል። በዚሁ አካባቢ የባቡሩ መስመር የጥንቱን መካነ መቃብር እንዳይነካ አቅጣጫው ተቀይሯል።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የጥናት ዘዴን ይመለከታል። የቁፋሮውን ቦታ በአመዛኙ የወሰነው የትራንስፖርት ፍላጎት እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይደለም። ስለሆነም ግኝቶቹ ጥንታዊቷን ከተማ በእኩልነት የሚወክሉ ናሙናዎች ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም። በቅርስ ካርታ ላይ ባዶ የሚታይ ሠፈር ሰው ያልኖረበት ሳይሆን ያልተቆፈረ ሊሆን ይችላል። የዋና ከተማን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ የቅርሱን ካርታ ከግንባታው ካርታ ጋር አስተያይቶ ሊያነብ ይገባል።