ስለ ቆላ ቀርከሃ አተካከልና አቆራረጥ

ከ2015 ዓ.ም. ጦርነት አስቀድሞ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት የነበረው የካርቱም ዴም የከተማ ሰፈር በመሆኑ፣ ራኩባ ለሚባለው የጥላ ዳስ የሚያስፈልገው እንጨት ከሩቅ ይመጣለት ነበር። የሱዳን ሰው «ቀና» የሚለው ቀርከሃ ጥቁር ዓባይን ተከትሎ በሮሴሪስና በአሶሳ አገር የሚበቅለው የቆላው ዓይነት ነው። የእንጅባራው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው፤ ስለዚህ ለማገርና ለአጥር ይመረጣል።

ለመትከል የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ወጣት ዘንግ በክረምት መግቢያ ይቀበራል። ቡቃያው ቁመቱን የሚጨርሰው በአንድ ክረምት ነው፤ የሚጠነክረው ግን በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ብዙ ቆራጮች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በዳር ያለውን ለጋ ለእጅ ስለሚቀርብ ቆርጠው፣ በመካከል ያለውን የበሰለ ይተዉታል፤ ጫካውም ከዓመት ወደ ዓመት ይመነምናል። መቁረጥ የሚገባው የበሰለውን ነው፤ ጊዜውም በጋ ነው።

ከሁሉ የሚያሠጋው አበባው ነው። ቆላ ቀርከሃ ብዙ ዓመታት ቆይቶ በአንድ አካባቢ ያለው ባንድነት ያብባል፤ ዘሩንም ጥሎ ይደርቃል። በደረቀው ጫካ እሳት ቢነሣ ወይም ከብት ቢገባበት ተተኪው ችግኝ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሥፍራው ችግኙ እስኪጠና ድረስ ይከለላል፤ ከዘሩም ተለቅሞ በመደብ ይዘራል።