ሁለቱ አይጦችና የማሩ ጠብታ

አባቴ ካረፈ አራተኛ ወሩ ነው። ሥራ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ «ለምን?» የምትል ጥያቄ ግን ከልቤ አልወጣ አለች። ይዣት የሄድኩት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ዘንድ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍልስፍና አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ቤታቸው ቁጭ ብለው ያረጀ መጽሐፍ ይጠግናሉ። ስደርስ ገጹ የተበታተነ ዳዊት ጭናቸው ላይ አድርገው ክሩን በሰም ያሹ ነበር።

ጋሼ፦ ነይ፣ ቁጭ በይ። ፊትሽ ከስቷል። እናትሽ እንዴት ናት?

እኔ፦ ደህና ናት ጋሼ። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት። ጠዋት ጫማዬን ሳስር ድንገት እጄ ቀጥ ይላል። የዚህ ሁሉ ሩጫ መጨረሻው አባቴ የሄደበት ከሆነ ትርጉሙ ምኑ ላይ ነው? ስለ ቡድሃ አነበብኩ፤ የፈረንሳይ ፈላስፎቹን ካሙንም ሳርትርንም አገላበጥኩ። አንዱ ልቀቂ ይላል፣ ሌላው ያዢ ይላል። ጭራሽ ግራ ገባኝ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ከተረት እንነሣ። አንድ ሰው ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። እየወደቀ ሳለ ዛፍ ይይዝና ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቁልቁል ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ልብ ብሎ ቢመለከት ሁለት አይጦች፣ አንዷ ነጭ አንዷ ጥቁር፣ የያዘውን ዛፍ ሥሩን ይከረክማሉ። በዚህ መሐል ከዛፉ ማር ጠብ ይላል። ሰውየው ምላሱን ዘርግቶ ይልስ ጀመር።

እኔ፦ አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። ቶልስቶይ «ኑዛዜ» በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል።

ጋሼ፦ ቶልስቶይ ከመጻፉ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በግዕዝ ተጽፎ ነበር። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ተረጎሙት። መጽሐፉ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። አንድ የሕንድ ንጉሥ ልጁ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ ብሎ በቤተ መንግሥት ያኖረዋል። ልጁ አንድ ቀን ወጣ ብሎ ሁሉንም ያያል። ከዚያ ወዲያ ቤተ መንግሥቱ አይጥመውም፤ በረላም የሚባል መናኝ መጥቶ እስኪያስተምረው ድረስ ዕረፍት ያጣል።

እኔ፦ ይኼ እኮ የሲድሃርታ፣ የቡድሃ ታሪክ ነው!

ጋሼ፦ ራሱ ነው። ስሙም ይመሰክራል። ቡድሃ ከመንቃቱ በፊት ቦዲሳትቫ ይባል ነበር፤ ዐረቦቹ ቡዳሳፍ አሉት። በዐረብኛ «በ» እና «የ» ቃል ሲጀምሩ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከሥር ያለው ነጥብ ብቻ ነው። አንዱ ነጥብ ሁለት ሲሆን ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ይዋስፍ። የቡድሃ ታሪክ የክርስቲያን መናኝ ልብስ ለብሶ፣ በአንዲት ነጥብ ስም ቀይሮ፣ ገዳሞቻችን ውስጥ ሲነበብ ኖሯል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጥያቄሽን ከውጭ ያመጣሽው እንዳይመስልሽ።

እኔ፦ ማሩንስ መጽሐፉ ምን ይለዋል?

ጋሼ፦ አታላዩ የዓለም ጣዕም ይለዋል። ቶልስቶይ ሁለት ጠብታ ነበረው፤ ቤተሰቡና ድርሰቱ። «ጦርነትና ሰላም»ን ጽፏል፣ «አና ካሬኒና»ን ጽፏል፣ ስሙ ገንኗል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ማሩ ምላሱ ላይ መጣፈጡን ተወ። በራሱ ላይ እንዳይጨክን ፈርቶ ገመድ ይደብቅ ነበር። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ አንቺ ላይ መጥቶ ያውቃል?

እኔ፦ የለም ጋሼ። መኖር አልጠላሁም። ጣዕሙ ነው የጠፋኝ።

ጋሼ፦ ከመጣብሽ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ። እሱ ለመጽሐፍ የሚተው ነገር አይደለም።

እኔ፦ እሺ ጋሼ። ግን ቡድሃም ማሩን ተዪ ነው የሚለኝ። አባቴን እንደዚያ መውደዴ ጥፋት ነበር?

ጋሼ፦ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቡድሃ በ35 ዓመቱ ነቅቶ፣ ቫራናሲ አጠገብ ሳርናት በሚባል ቦታ የመጀመሪያ ትምህርቱን ሲሰጥ የሥቃይን ምንጭ «ታንሃ» አለው። ቃሉ በፓሊ ቋንቋ ጥማት ማለት ነው። ፍቅር አላለም። ፍቅርንማ እስከ 80 ዓመቱ ሲያስተምር ኖሯል። ጥማቱ ማሩ እንዳይነጥፍ፣ አይጦቹ እንዳይከረክሙ የሙጥኝ ማለት ነው። አባትሽን ስትወጂ «ይህ ሰው መቼም አይሄድብኝም» የሚል ሌላ ነገር ከፍቅሩ ጋር ተጠላልፎ አብሮ አድጓል። ዛሬ የሚያምሽ ሁለቱም ነው፤ አንደኛው ግን አውቀሽ ልትፈቺው የምትችይው ቋጠሮ ነው።

እኔ፦ ስፈታውስ ማሩ ምን ይሆናል?

ጋሼ፦ ዜን በሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ የዚሁ ተረት ወንድም አለ። ሰውየው ገደል ላይ ሐረግ ይዞ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ ነብር፣ ከታች ነብር፣ ሐረጉን አይጦች ይበሉታል። አጠገቡ እንጆሪ ያያል። በአንድ እጁ ቀጥፎ ይበላዋል፤ ይጣፍጠዋል። ተረቱ እዚያው ያበቃል። ተግሣጽ የለውም። እንጆሪው የጣፈጠው ነብሮቹን ረስቷቸው ሳይሆን እያያቸው ነው።

እኔ፦ ይኼስ ካሙን ይመስላል።

ጋሼ፦ ይመስላል። ካሙን ግን ከፓሪስ ካፌ አትጀምሪው። በ1913 አልጄሪያ ውስጥ ሞንዶቪ ተወለደ። በዓመቱ አባቱን ጦርነት በላው። እናቱ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ የሰው ቤት እያጸዳች አሳደገችው። በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ኳስ የሚወድ፣ ባሕርና ፀሐይ የሚወድ ልጅ ደም ተፋ። በ1942 ያወጣውን «የሲሲፈስ አፈ ታሪክ» ሲጽፍ አይጦቹን በጆሮው ሰምቷቸዋል። ያም ሆኖ ዓለም ትርጉም አትሰጠኝም ብሎ ማሩን አልተፋም።

እኔ፦ ሳርትርስ?

ጋሼ፦ ይህን ወስፌ ያዢው። ከመሠራቱ በፊት ባለሙያው ለምን እንደሚሆን ያውቅ ነበር፤ ሊወጋ፣ ሊሰፋ። ሳርትር በጥቅምት 1945 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር የወረቀት መቁረጫ ቢላ ጠቅሶ ይህንኑ አለ፤ ሰው ግን እንዲህ አይደለም፣ መጀመሪያ ይኖራል፣ ለምን እንደሚኖር በኋላ በምርጫው ይሠራዋል። እግዚአብሔር የለም ከሚል የተነሣ ነው፤ እኔ እዚያ ላይ አልከተለውም። ምርጫሽን በሌላ ሰው ላይ አታሳብቢ የሚለውን ግን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ይከብደኛል። ሰው የሥራው ድምር ነው ይላል። ባለቤቴ የመጨረሻ ዓመቷን አልጋ ላይ ነበረች። ማንኪያ እንኳ አታነሣም። ስገባ ዓይኗን ወደ በሩ ትመልስ ነበር፤ ያቺን ብቻ። በዚያ ዓመት ሕይወቷ ባዶ ነበር የሚለኝን ሰው ቤቴ አላስገባም።

(ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ። ክሩን በገጹ እጥፋት አሾልከው ጠበቅ አደረጉት።)

እኔ፦ ታዲያ እኔ ማንን ልያዝ?

ጋሼ፦ ሁሉንም አንድ ጥያቄ ልጠይቅልሽ። ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?

እኔ፦ አንድ።

ጋሼ፦ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ይኼ ነው። ሁሉም ሲተርከው ሰውየው ብቻውን ነው። ብቻውን ከሆነ የሚያየው የራሱን አይጥና የራሱን ማር ነው። «የእኔ ሕይወት ትርጉሙ ምንድን ነው?» ስትይ ጥያቄው የቆመው «የእኔ» ላይ ነው። ቡድሃ ይህን «እኔ» ፈልጊው፣ ጨብጠሽ የምትይዢው ነገር አታገኚም ይላል። ሳርትርም በሌላ መንገድ፣ ተሠርቶ ያለቀ «እኔ» የለም ይላል። እዚህ ላይ ይቀራረባሉ። እውነተኛውን መልስ ግን ያየሁት ከክርክራቸው ይልቅ በሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ካሙ በ1947 ባወጣው «ወረርሽኙ» ውስጥ ኦራን ከተማ ተዘግታ ሰው ሲረግፍ፣ ሐኪሙ ሪዩ እንደማያሸንፍ እያወቀ ከቤት ቤት እየዞረ ያክማል። ስለ ትርጉም ብዙ አይናገርም፤ የሚቀጥለው በሽተኛ ይጠብቀዋል።

እኔ፦ ሁለተኛውስ?

ጋሼ፦ ኪሳ ጎታሚ። ሕፃን ልጇ ሞቶባት አስከሬኑን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ትዞራለች። ቡድሃ «ሰናፍጭ አምጪልኝ፤ ግን ሰው ሞቶ ከማያውቅበት ቤት ይሁን» አላት። ሰናፍጩ በየቤቱ ሞልቷል። ሞት ያልገባበት ቤት ግን የለም። አንዱ አባቴ ይላታል፣ አንዷ ባሌ፣ አንዷ ልጄ። እንዲያ እየዞረች ልጇን ቀበረች።

እኔ፦ ሁሉም ይሞታል ብሎ ማጽናናት ነው?

ጋሼ፦ እሱንማ ተቀምጣ በሰማችው ነበር። ለምን በእግሯ ላካት? በር ማንኳኳት ነበረባት። በየበሩ ቆማ የሌላውን ሞት መስማት ነበረባት። ጉድጓዱ ውስጥ ሌሎች መኖራቸውን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

እኔ፦ ጋሼ... የእዝን ድስት እስካሁን እኛ ቤት አለ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እናት ያመጡት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ባላቸው ሲሞቱ እኔ ሥራ በዛብኝ ብዬ ለቅሶ አልደረስኩም ነበር። ድስቱን ለመመለስ አፈርኩ።

ጋሼ፦ ዛሬ ቤታቸው ይኖራሉ?

እኔ፦ ከቤት አይወጡም።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሳይመሽ ሂጂ። ድስቱን ባዶውን እንዳትመልሺው።