ከዕፅዋት የተሠራ የትንኝ ማባረሪያ፦ የትኛው ይከላከላል? የትኛው ይጎዳል?

“ከቅጠል የተሠራ የትንኝ ማባረሪያ የለም? ኬሚካሉን ልጆቼን መቀባት እፈራለሁ።” በሕክምና ቀጠሮዎች ላይ ሳስተረጉም ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። አጭሩ መልስ “አለ” የሚል ነው። ነገር ግን ከቅጠል የተሠራ ሁሉ ከትንኝ አይከላከልም። ልዩነቱን የሚነግርዎት ሽታው ሳይሆን በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በአሜሪካ በትንኝ ንክሻ ከሚተላለፉ በሽታዎች ዋናው ዌስት ናይል ቫይረስ ነው። በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1999 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሲሆን ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ይገኛል።

• ቫይረሱ ከያዛቸው 10 ሰዎች 8ቱ ምንም ምልክት አያሳዩም።
• ከ5 ሰዎች 1ዱ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት ወይም ሽፍታ ይኖረዋል።
• ከ150 ሰዎች 1ዱ ላይ ግን አንጎልን ወይም ኅብለ ሰረሰርን ያጠቃል፤ ሽባ ሊያደርግ ወይም ሊገድል ይችላል።

አደጋው የሚበረታው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች እንዲሁም የስኳር፣ የኩላሊት፣ የደም ግፊት ወይም የካንሰር ሕመም ባለባቸው ላይ ነው። ለሰው የሚሰጥ ክትባትም ሆነ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። መከላከያው አለመነከስ ብቻ ነው።

ከዕፅዋት የተገኙ፣ የተፈተሹ ማባረሪያዎች

ኢ.ፒ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የትንኝ ማባረሪያዎችን ውጤታማነትና ደኅንነት መርምሮ ይመዘግባል። የተመዘገበ ምርት በመለያው ላይ የኢ.ፒ.ኤ. የምዝገባ ቁጥር አለው። ከተመዘገቡት መካከል እነዚህ ከዕፅዋት ጋር የተያያዙ ናቸው፦

• ኦይል ኦቭ ሌመን ዩካሊፕተስ። በአገራችን “ሽቶ ባሕር ዛፍ” ከሚባለው፣ ቅጠሉ የሎሚ ሽታ ካለው ዛፍ የተገኘ ነው። ትንኝ የሚያባርረው ንጥረ ነገር ፒ.ኤም.ዲ. ይባላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የምናውቀው ነጭ ባሕር ዛፍ ሌላ ዓይነት ስለሆነ የእርሱ ቅጠል ወይም ዘይት ምትክ አይሆንም። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይቀቡ።
• ቱ-አንዴካኖን። በዱር ቲማቲም ተክል ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው።

ይጠንቀቁ፦ “ንጹሕ” ተብሎ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት ከተመዘገበው ማባረሪያ ጋር አንድ አይደለም። ስማቸው ቢመሳሰልም ንጹሑ ዘይት የፒ.ኤም.ዲ. መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ለማባረሪያነትም አልተመዘገበም።

ዲት እና ፒካሪዲን የያዙ ምርቶችም ተመዝግበዋል። በመለያው ላይ እንደታዘዘው ከተጠቀሙባቸው ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶችም ደኅና ናቸው።

የማይታመኑ ዘዴዎች

የሲትሮኔላ፣ የላቬንደርና የመሳሰሉት ዘይቶች ለጥቂት ጊዜ ትንኝን ሊያርቁ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ይተናሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ ጥናት የተለያዩ ማባረሪያዎችን አወዳድሮ ነበር። 23.8 በመቶ ዲት ያለው ምርት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ሲከላከል፣ ሲትሮኔላ ያላቸው ምርቶች ግን 20 ደቂቃ እንኳ አልቆዩም። በእጅ ላይ የሚታሰሩት አምባሮች ከለላ አልሰጡም። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቫይታሚን ቢ መውሰድም ከንክሻ አያድንም።

በቤት ውስጥ የሚያጋጥሙ ጉዳቶች

• ጤና አዳም እና ሎሚ፦ የጤና አዳም ቅጠል ወይም የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል።
• ጭስ፦ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ጥንጁት ማጤስ ከአገር ቤት የመጣ ልማድ ነው። በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ግን ጭሱ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል። ከሰል ካለበት ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ሊገድል ይችላል። ከሰል በቤት ውስጥ ፈጽሞ አያቀጣጥሉ።
• የባሕር ዛፍ ዘይት፦ ሕፃን ጥቂት እንኳ ቢውጥ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ዘይቱን ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ። ልጅ ከዋጠ ሳይዘገዩ የመመረዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 ይደውሉ። ስልኩ ቀንም ሌሊትም በነጻ ይሠራል፤ አስተርጓሚም ይገኛል። ልጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ 911 ይደውሉ።

እንዴት ልጠቀም?

1. ልብስ ያልሸፈነውን ቆዳ ብቻ ይቀቡ። ቁስል ላይ አይቀቡ።
2. የፀሐይ መከላከያ የሚቀቡ ከሆነ እርሱን ያስቀድሙ፤ ማባረሪያውን ከላይ ይቀቡ።
3. ልጅ ራሱ እንዲቀባ አይፍቀዱ። መጀመሪያ በእጅዎ ላይ አድርገው ይቀቡት። መዳፉን፣ ዓይኑንና አፉን ያስቀሩ።
4. ዕድሜው ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ማንኛውንም ማባረሪያ አይቀቡ። አልጋውንና ጋሪውን በአጎበር ይሸፍኑ።
5. በመለያው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲያልፍ ደግመው ይቀቡ።
6. በሳምንት አንድ ጊዜ ከባልዲ፣ ከአበባ ማስቀመጫና ከአሮጌ ጎማ የተጠራቀመ ውሃ ይድፉ። ትንኝ የምትፈለፈለው እዚያ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲሄዱ

ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላማ ቦታ የሚወርዱ ከሆነ አሳሳቢው ወባ ነው። “እኔ እዚያው ነው ያደግሁት፣ አይነካኝም” አይበሉ። በተደጋጋሚ በመታመም የሚገኘው የመቋቋም አቅም በውጭ አገር ሲኖሩ ይቀንሳል። እዚህ የተወለዱ ልጆችዎ ደግሞ ከቶ የላቸውም። ማባረሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ከመጓዝዎ ሳምንታት አስቀድመው ሐኪምዎን የወባ መከላከያ መድኃኒት ይጠይቁ፣ በአጎበርም ይተኙ። ከተመለሱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትኩሳት ከያዝዎ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱና የት እንደነበሩ ይናገሩ።

ለሐኪምዎ ምን ይንገሩ?

ሽፍታ፣ ቃጠሎ ወይም ትኩሳት ይዞዎት ሲሄዱ የተቀቡትን ወይም ያጤሱትን ቅጠል በአማርኛ ስሙ ይናገሩ። ቢቻል ጠርሙሱን ወይም ቅጠሉን ይዘው ይምጡ። ማንም ሊወቅስዎ አይደለም፤ ሐኪሙ ትክክለኛውን ሕክምና የሚሰጥዎ ይህን ሲያውቅ ነው። አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አያድርጉ።