ቀበሌያችንን እንወቅ፦ የቸሃ ወረዳ ምድር፣ ታሪክና አስተዳደር



ሰው የሚኖርበትን ቀበሌ ዕለት ዕለት እየረገጠው ይኖራል፤ ታሪኩንና የሚተዳደርበትን ሕግ ጠይቆ የሚረዳው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ቀበሌን የምናስታውሰው መታወቂያ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ባስፈለገን ቀን ብቻ ነው። በዚህ ትምህርት በጉራጌ ዞን የሚገኘውን የቸሃ ወረዳን ለምሳሌ ወስደን፣ አንድ የገጠር አካባቢ በሦስት ነገሮች እንዴት እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

፩. ምድሩ

የወረዳው መቀመጫ እምድብር ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ትገኛለች። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም የእምድብር ሀገረ ስብከት መንበር ናት። ከወረዳው ጎረቤቶች መካከል እዣ፣ ጉመር፣ እነሞርና ኤነር ይገኛሉ፤ የአካባቢው ውኃም ወደ ግቤ ይወርዳል።

የኑሮው መሠረት እንሰት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ቆጮና ቡላ ሆኖ፣ ዝናም ባጠረበት ዓመት እንኳ ቤተሰብን ያቆያል። በጠባብ ይዞታ ላይ ብዙ ሕዝብ ሊኖር የቻለው ስለዚህ ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን የሚያዞሩት ጀፎር ወደሚባለው ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ከብት የሚውለው፣ ሠርግና ለቅሶ የሚደረገው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ጀፎር የሁሉ ስለሆነ ማንም አጥሩን ገፍቶ ሊወስደው አይገባም፤ ወሰኑንም የሚጠብቁት ፊት ለፊቱ የሚኖሩት ሁሉ ናቸው።

፪. ታሪኩ

ቸሃ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ነው። የሰባት ቤት ሽማግሌዎች በጋራ ጉዳይ የሚመክሩበት ሸንጎ የጆካ ሲባል፣ ሕጉም ቂጫ ይባላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ግብርና ትእዛዝ በባላባትና በጭቃ ሹም በኩል ይተላለፍ ጀመር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ከአለም ገና በወልቂጤ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ 800 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው መሬት ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ደነገገ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ሥሩ ይኸው የገበሬ ማኅበር ነው።

፫. አስተዳደሩ

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዚያ እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። ከታች ወደ ላይ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ ዞንና ክልል አሉ። ቸሃ እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ነበር፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከጉራጌ ዞን ጋር ወደዚያ ተካቷል።

ቀበሌና ወረዳ እያንዳንዳቸው በሕዝብ የሚመረጥ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ተደንግጓል። የአካባቢ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ግን ተራዘመ። ምርጫ ሲዘገይ የሕዝቡ ድምፅ የሚሰማው በስብሰባ ነው፤ ስብሰባውን የሚተው ሰው ድምፁን ለሌላ ያስረክባል።

ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅማል? አንዲት ባሏ የሞተባትን እናት እናስብ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደንግጓል፤ ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም ደንቡ ጸንቷል። ስሟ በጊዜው ካልተመዘገበ፣ በለቅሶዋ ማግሥት የባሏ ዘመዶች በእንሰቱ ላይ ክርክር ሊያነሡባት ይችላሉ። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ጎረቤት ቢኖር ልጆቿ ከእርሻቸው አይነሡም።

እንግዲህ ቀበሌም እንደ ጀፎር ነው፤ ፊት ለፊቱ የሚኖሩት ካልጠበቁት ቀስ በቀስ የጥቂቶች ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቀበሌያችን ወሰን በየት በየት ያልፋል? የጋራ የሆነው መሬትስ የትኛው ነው?
2. ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ ምን ተወሰነ? ከመካከላችን ማን ተገኘ?
3. በመንደራችን ስማቸው በመሬት ደብተር ያልተጻፈ እናቶች አሉን? ወደ ጽሕፈት ቤቱ አብሯቸው የሚሄድ ማን ነው?